ውኃው እስኪስተካከል

ሰኞ 4

ይህን ደብተር የከፈትኩት ለቧንቧው ነው። ሃያ ሁለት ዓመት መዝገብ ቤት የሠራ ሰው ምን እንደተሞከረ፣ መቼ እንደተሞከረና ምን ውጤት እንዳመጣ በየቀኑ ካልጻፈ እንቅልፍ አይወስደውም።

ጉዳዩ የላይኛው ፎቅ ሻወር ነው። ውኃ የለውም ማለት አይደለም፣ አለው፤ ጉልበት ግን የለውም። ሲከፈት መጀመሪያ ይተነፍሳል፣ ከዚያ ክር አክሎ ግድግዳውን ታክኮ ይወርዳል። ከሥሩ የቆመ ሰው ሳይርስ ይበርደዋል። እኔ ያለሁበት የታችኛው ቤት ውኃ ደህና ነው።

ላይ ያለው አባቴ ነው። ግራ ጎኑ ከከዳው ሁለት ወር ሆነው፤ ሐኪም ቤት ተኝቶ ከወጣ አምስተኛ ሳምንቱ ነው። ቀኝ እጁ ይሠራል፣ አፉማ ከበፊቱም ብሷል። ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ መጸዳጃ በምርኩዝና በእኔ ትከሻ ይደርሳል፤ ደረጃ ግን አይሞከርም። ከሐኪም ቤት ከወጣ ጀምሮ ገላውን አልታጠበም። እኔን አስወጥቶ እጁ የደረሰበትን በእርጥብ ፎጣ ያብሳል። ልብሱንም ራሱ ነው የሚቀይረው፣ ሰዓት ቢፈጅም።

ዛሬ ስለ መታጠብ አነሳሁበት።

"ውኃው ሲስተካከል" አለኝ።

"ይስተካከላል አባዬ።"

"እንግዲያው ያኔ።"

ተስማማን። ከክፍሉ ስወጣ ቀለል አለኝ።

ጥንቃቄ የሚፈልግ ጉዳይ ነው። አባዬ አርባ ዓመት ቧንቧ የዘረጋ ሰው ነው፤ የዚህ ቤት ቧንቧም ከጣሪያ እስከ ጉድጓድ የእጁ ሥራ ነው። ውኃው ደከመ ሲሉት እሱን ደከምክ ያሉት ሊመስለው ይችላል።

ረቡዕ 6

የሻወሩን ጭንቅላት ፈታሁ። ነጭ ዝቃጭ ቀዳዳዎቹን ደፍኗቸዋል። ኮምጣጤ ውስጥ ዘፈዘፍኩ፣ በመርፌ አንድ በአንድ ወጋሁ፣ መልሼ ገጠምኩ። ውጤት፦ ድሮ አንድ ክር ነበር፣ አሁን ስድስት ክር ሆኗል።

አባዬ ከአልጋው ሆኖ ያዳምጥ ነበር።

"ጌታው! ጥርሱ ላይ ቃጫ ጠምጥመህበታል?"

"ጠምጥሜያለሁ።"

"በየት በኩል?"

የሚጠመጠምበት በኩል እንዳለው ማን ያውቃል?

"ነገ ያንጠባጥባል" አለና ሳቀ። ጌታው የሚለኝ ሲያሾፍብኝ ነው። ልጅ ሳለሁ መፍቻ አምጣ ሲለኝ መጽሐፌን በብብቴ ይዤ እየመጣሁ ያወጣልኝ ስም ነው።

ሐሙስ 7

አንጠባጠበ።

እሑድ 10

እህቴ ደወለች። ታላቄ ናት፣ የግማሽ ቀን መንገድ ርቃ ነው የምትኖረው። እናታችን ከሞተች ወዲህ ደግሞ የሁላችንም አለቃ ሆናለች።

"አጠብከው?"

"ውኃው እየተስተካከለ ነው እትዬ።"

"ስለ ውኃ ጠየቅሁህ እንዴ? ባልዲ የላችሁም? ጣሳ የላችሁም?"

አባዬ በጣሳ መታጠብ አይፈልግም አልኳት። እውነቴን ነው። ጠይቄው አላውቅም፣ ግን አይፈልግም። አርባ ዓመት ለሰው ሁሉ ቧንቧ የዘረጋን ሰው ና በጣሳ ልጠብህ ይባላል? ክብሩን መንካት ነው።

"የሚቀጥለው ወር መጨረሻ እመጣለሁ" አለች። "ገላው ታጥቦ፣ ሰው ሆኖ ካላገኘሁት ይዤው ነው የምሄደው። የእኔ ቤት ደረጃ የለውም።"

አባዬ ከዚህ ቤት በሰው ተደግፎ እንደማይወጣ ስንቴ ምሏል። ጡቡን የደረደረውም ራሱ ነው። ቢወስዱት ዓመት አይቆይም፣ ይህን እሷም ታውቃለች። ስልኩን ስዘጋ "ምን አለች?" አለኝ።

"ሰላም ብላሃለች።"

ማክሰኞ 12

በወር አንዴ ቤት ለቤት የምትዞረው ነርስ መጣች። ግፊቱን ለካች፣ ጥሩ ነው። መድኃኒቱን ቆጠረች፣ ልክ ነው።

"ጀርባቸውን ታያላችሁ?" ብላ ጠየቀች።

አባዬ ቀደመኝ። "ያያል፣ ያያል" አለ።

እኔም ራሴን ነቀነቅሁ። በሰው ፊት የአባቴን ቃል አላስተባብልም። የታተመ ወረቀት ሰጠችኝ። "የአባዬ ጤና" በሚለው ፋይል ውስጥ በቀኑ ቅደም ተከተል አስገባሁት።

ሐሙስ 14

የላይኛው መታጠቢያ ቤት ፍሳሽ መሽተት ጀምሯል። ውኃ በደንብ ስለማይወርድበት ይመስለኛል። ቀዳዳው ሲደርቅ የጉድጓዱ ሽታ ወደ ላይ ይመለሳል፣ ከአባዬ ነው የሰማሁት። ሁለት ባልዲ ውኃ ደፋሁበት። ሁሉም ነገር ዞሮ ዞሮ ከውኃው ድካም የመጣ ነው።

ቅዳሜ 16

ቀጭኑን ጠራሁት። የአባዬ የሥራ ተማሪ ነበር። ያኔ በመስኮት ፍርግርግ ሾልኮ ይገባ ስለነበር ቀጭኑ ተባለ። ዛሬ ደረጃውን ሲወጣ ሁለት ጊዜ አረፈ፤ ስሙ ግን አልወፈረም።

ጣሪያ ላይ ወጥቶ ሲመለስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገረኝ። "ታንከሩን የት እንዳስቀመጡት አይተሃል? ከሻወሩ አናት እስከ ታንከሩ ሥር ሁለት ክንድ አይሞላም። ውኃው ከምን ላይ ተንደርድሮ ይምጣ? ቧንቧውም ቀጭን ነው።"

"ምን ይሻላል?"

"ወይ ታንከሩን በብረት መቆሚያ ከፍ ማድረግ፣ ወይ ፓምፕ። ግን ለጋሼ ማን ይነግራቸዋል?"

ተያየን። ሁለት ጎልማሶች ነን፣ ለአንድ የታመመ ሽማግሌ ቧንቧህ ቀጥኗል ለማለት ወኔ አጣን። የጣሪያውን አሸንዳ እያየን ነው እንበል ተባባልን። ስንነግረው አባዬ ከትራሱ ቀና ብሎ ሁለታችንንም አየን።

"አሸንዳ በመታጠቢያ ቤት በኩል ሆኗል ለካ" አለ።

ቀጭኑ ሊወጣ ሲል ኮሪደሩ ላይ ቆም ብሎ አሸተተ። ፍሳሹ ነው አልኩት። ተመልሶ ገብቶ፣ በዚያ ሆዱ ወለሉ ላይ ተንበርክኮ አፍንጫውን ቀዳዳው ላይ ደቀነ።

"ይኼ አይሸትም" አለኝ።

"መጥቶ ይሄዳል።"

"ፍሳሽ መጥቶ አይሄድም።" ትንሽ አየኝና መሣሪያውን ሰብስቦ ወጣ። ጎበዝ ሠራተኛ ነው፣ ግን አባዬን አያህልም። አባዬ ጤነኛ ቢሆን ወዲያው ያገኘው ነበር።

ሰኞ 18

አንድ ጠርሙስ በረኪና ቀዳዳው ውስጥ ጨመርኩ። ሽታው ጠፋ። በረኪናው ራሱ ይሸታል፣ ግን የንጽሕና ሽታ ነው።

ረቡዕ 20

አባዬ ፍራሹ ቆረቆረኝ አለ። ከቢሮ ስመለስ ለስላሳ መደገፊያ ገዛሁለት። "ወንበሩም ቆርቁሮኛል" አለ። ለወንበሩም ሌላ ገዛሁ። ደስ አለኝ፣ የጠየቀኝን ሳሟላለት ደስ ይለኛል።

ሐሙስ 21

ዛሬ በቢሮ አንድ ወጣት ባልደረባችን አባቱን ወደ ሕዝብ መታጠቢያ ቤት ወስዶ ጀርባውን እንዳሸለት ሲያወራ ሰማሁ። እንደ ቀላል ነገር ነው ያወራው። ሻይ ሳልጨርስ ተነሳሁ።

የአባቴን ገላ አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያየሁት። ስምንት ወይም ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ከሥራ ገብቶ ከደጅ ባለው ቧንቧ ሸሚዙን አውልቆ ሲታጠብ ደረስኩ። ጀርባው ሰፊ ነበር፣ ሳሙናው እስከ ወገቡ ይወርዳል። መኖሬን ሲያውቅ ፊቱን ሳያዞር "ዞር በል" አለኝ። አልተቆጣም። ከዚያ ወዲህ እሱ ሲታጠብ እኔ ዞር ስል ኖሬያለሁ።

እናቴ በታመመችበት ጊዜ ያጠበቻት እህቴ ናት፣ ሦስት ወር ሙሉ። እኔ ያኔ የቢሮው መዝገብ ወደ አዲሱ ሕንፃ ይዛወር ስለነበር ሥራ በዝቶብኝ ነበር። በእርግጥ በዝቶብኝ ነበር። ማንም ጠይቆኝ አያውቅም፣ ለምን አሁን እንደምጽፈው አላውቅም።

እሑድ 24

"አጠብከው?"

"ታንከሩን ከፍ ልናደርግ ነው።"

"እኔ አንተ ጋ የተውኩት አባቴን ነው ወይስ ታንከር?"

ሐሙስ 28

ቀጭኑ የላከው በያጅ የብረቱን መቆሚያ ይዞ መጣ። ጣሪያ ላይ ሊለካ ሲወጣ አባዬ በኮቴው አወቀ። ጠራኝ።

"ከፍ ልታደርጉት ነው አይደል?"

ውሸቱ አላወጣኝም። አዎ አልኩ።

"ያኔ ለምን ዝቅ እንዳደረግሁት ታውቃለህ? ስለማላውቅ መሰለህ?" በቀኝ እጁ ወደ ኮርኒሱ አመለከተ። "ያ ጣሪያ ከፍ ያለ ነገር ከተሸከመ በነፋስ ይነቀላል። ታንከሩ ሥር ደግሞ እናትህ ነበረች የምትተኛው። ውኃው ይድከም አልኩ።"

በያጁን መለስኩት። አፍሬ አንገቴን ደፍቼ ቆሜ ሳለሁ ራሱ "ፓምፕ ግዙ እንግዲህ" አለ። "ቀጭኑ ይግጠመው፣ አንተ እንዳትነካው። ስንት ቀን ይፈጃል?"

"እስከሚቀጥለው ሳምንት መጨረሻ እናፋጥነዋለን።"

"አትቸኩሉ" አለኝ። "ሥራ በጥድፊያ ይበላሻል።"

ሠራተኛ ሠራተኛ ነው፣ በአልጋ ላይ ሆኖም ለሥራው ጥራት ይጨነቃል።

ወሩ ተለወጠ፣ ሰኞ 2

ሽታው ተመልሷል። ሌላ ጠርሙስ በረኪና። የአባዬን መስኮት ክፍት ትቼ ቢሮ ዋልኩ። ፍሳሹ በግድግዳው ውስጥ ወደ ክፍሉ ሳያስተነፍስ አይቀርም። ፓምፑ ከተገጠመ በኋላ ቀጭኑ ወለሉን ይሰብራል።

ማክሰኞ 3

አባዬ ምሳውን አልበላም። ሰውነቱ ይሞቃል። "ጉንፋን ነው፣ መስኮት ከፍተህብኝ" አለ። ዘጋሁት።

አንሶላው ላይ ቢጫ ነገር አየሁ። ሾርባ ደፍቶ ይሆናል። እንዳያፍር ሳልናገር አነሳሁት፣ ራሴው አጠብኩት።

ረቡዕ 4

ቀን ቀን ምሳ የምታቀርብለት ጎረቤታችን ናት፣ ደግ ሴት፣ ነገር ግን አፏ አያርፍም። ዛሬ በር ላይ ከቀጭኑ ጋር ስታወራ ደረስኩ። ጀርባዋን ሰጥታኝ ስለነበር አላየችኝም።

"አንሶላ ልቀይርልዎ ብላቸው ተቆጥተው አስወጡኝ። ሰውዬው ናቸው የሚሸቱት፣ ቤቱ አይደለም። ልጁ አፍንጫ የለውም እንዴ?"

ቀጭኑ አየኝና ተሳለ። እሷም ዞር ብላ ደነገጠች። ፍሳሹ ነው አልኳት። በቤታችን ጉዳይ ከእኔ በላይ ልታውቅ! ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለልኩ ወጣሁ፣ ከንዴት ነው።

ቅዳሜ 7

ተገጠመ።

ቀጭኑ ማብሪያውን ሲጫን ፓምፑ አጉረመረመ። ሻወሩን ከፈትኩት። እንደ ድሮው አልተነፈሰም፤ ውኃው ጮኾ ወረደ፣ ወለሉን መትቶ እስከ ጉልበቴ ረጨኝ። ጮኽኩ መሰለኝ፣ ቀጭኑ ሳቀብኝ። እጄን ከሥሩ ብይዘው ወደ ታች ገፋው። አንድ ወር ሙሉ የለፋሁበት ይኸው መጣ።

"አባዬ፣ ትሰማለህ?"

"እሰማለሁ" አለ ከክፍሉ።

እህቴ ጋ ደወልኩ። እሺ፣ እጠበው አለችኝ። ነገ ይታጠባል።

እሑድ 8

ዛሬ አልጽፍም።

ሰኞ 9

ሐኪም ቤት፣ ኮሪደር ላይ። በጉልበቴ ላይ እየጻፍኩ። ትኩሳቱ አልወረደም። አስተኝተውታል። በመርፌ መድኃኒት። ለእህቴ አልደወልኩም።

ማክሰኞ 10

ደወልኩላት። አስተኝተውታል ብቻ አልኳት። ለምን እንደሆነ ስትጠይቀኝ መስመሩ መጥፎ ነው ብዬ ዘጋሁት። መስመሩ ጥሩ ነበር።

ረቡዕ 11

እንዳለ ልጻፈው። ካልጻፍኩት ራሴን እያታለልኩ ሌላ ነገር አደርገዋለሁ።

እሑድ ጠዋት የፕላስቲክ ወንበር ሻወሩ ሥር አስቀመጥኩ። አባዬ ደክሞኛል፣ ነገ ይሁን አለ። እትዬ እየመጣች ነው አልኩት። ከሰዓት ይሁን አለ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አባቴ ላይ ጮኽኩ። "ውኃው ሲስተካከል ብለህ የለም? ይኸው ተስተካከለ!" ብዬ ጮኽኩ። ዓይኑን ከእኔ ላይ አንስቶ ግድግዳው ላይ አደረገና እጁን ሰጠኝ።

"ካናቴራዬን አላወልቅም" አለ፣ ወንበሩ ላይ ስናስቀምጠው። እኔና ምርኩዙ ማለቴ ነው። "ከነካናቴራዬ ይሁን።"

እሺ አልኩት። እውነቱን ልጻፍ ካልኩ፣ ደስ አለኝ። እሱ ባያወልቅ እኔም አላይም።

ከፈትኩት። ውኃው ጀርባውን መታው፣ አባዬም ጮኸ። አባቴ ሲጮኽ ሰምቼ አላውቅም። የብረት ቧንቧ ወድቆ የእግሩን ጣቶች የሰበረው ቀን እንኳ ጥርሱን ነክሶ "ኧረ ውጋት" ነው ያለው። እሑድ ግን እንደ ልጅ ጮኸ። መዝጊያውን ወደተሳሳተው አቅጣጫ አዞርኩት፣ ውኃው ባሰ። ዘጋሁት።

ካናቴራው ከወገቡ በታች ገላው ላይ ተጣብቋል። ከእሱ ሥር ውኃ የቀላቀለው ቢጫና ቀይ ከወንበሩ ወደ ቀዳዳው ይወርድ ነበር። ጨርቁን አነሳሁት። አየሁት። ሽታው ፊቴን መታኝ፣ ያው የማውቀው፣ ሦስት ሳምንት ተኩል ውኃና በረኪና የደፋሁለት ሽታ ነው።

ፍሳሹ አልነበረም።

"ሸፍነኝ" አለ አባዬ። ሌላ ምንም አላለም። ፎጣ አለበስኩት።

ሐኪሟ ወጣት ናት። የአልጋ ቁስል ነው፣ መርቅዟል፣ ወደ ደሙ ገብቷል ለማለት ትንሽ ነው የቀረው አለችኝ። የሞተውን ሥጋ ቆርጣ አወጣች። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጠየቀችኝ። አላውቅም አልኩ። "የሚያጥባቸው ማን ነው?" አለች።

"እኔ ነኝ" አልኳት።

ሐሙስ 12

ልብስ ልወስድለት ቤት ሄድኩ። "የአባዬ ጤና" የሚለውን ፋይል አወጣሁ። የነርሷ ወረቀት በቦታው ነው፣ ቀኑም ተጽፎበታል። ሦስተኛው ነጥብ እንዲህ ይላል፦ በየቀኑ ጀርባቸውን፣ ከወገብ በታችና ተረከዛቸውን ይመልከቱ፤ ቆዳው ከቀላ በአስቸኳይ ያሳውቁ። ከዚያ በታች አንድ ሳፋ ለብ ያለ ውኃና ለስላሳ ጨርቅ እንደሚበቃ ተጽፏል። ወረቀቱ አልተጨማደደም፣ ሳላነበው ነው ያስገባሁት።

ሃያ ስድስት ቀን። ከዚያ በፊት ያሉትን ሳምንታት ሳልቆጥር።

ዓርብ 13

እህቴ በማለዳው አውቶቡስ ደረሰች። ሰላም ሳትለኝ አልጋው ጋ ሄዳ አባዬን ግንባሩን ሳመችው፣ ከዚያ ለብርድ ልብሱ እጇን ዘረጋች። አባዬ ጨርቁን ሊይዝ ሞከረ። "ተወኝ አባዬ፣ እናቴንም አይቻለሁ" አለችው። ለቀቀላት። ፋሻውን ገልጣ ረጅም ጊዜ አየች፣ መልሳ ሸፈነችው፣ ወጥታ የሐኪም ቤቱ ደረጃ ላይ ተቀመጠች። ተከትያት ወጣሁ።

"መቼ ነው ያወቅኸው?"

"እሑድ" አልኳት። ከዚያ እዚያው ላቆም ፈለግሁ፣ ግን አልሆነልኝም። "ሽታውን ባለፈው ወር ነው የሰማሁት። ፍሳሽ ነው አልኩ። ቀጭኑ አይደለም አለኝ፣ ጎረቤታችንም ተናገረች። ፍሳሽ ነው ብዬ በረኪና ደፋሁ። ለሐኪሟም የማጥበው እኔ ነኝ ብዬ ዋሸኋት።"

"አንተ የቧንቧ ሠራተኛ ልጅ ነህ። ሰውና ፍሳሽ መለየት አቃተህ?"

"አላቃተኝም እትዬ። እንዳላይ ነው የፈለግሁት።"

ትመታኛለች ብዬ ነበር። ቀሚሷን ጉልበቷ ላይ አስተካከለች።

"እናታችንን የመጀመሪያ ቀን ሳጥባት ዓይኔን ጨፍኜ ነው" አለች። "እጄ ምን እየነካ እንደሆነ ሳላውቅ፣ ደግሞ ማልቀሴን እንዳትሰማ እየዘፈንኩ። የምትፈራው አንተ ብቻ መሰለህ? እኔ ማን ይጠብልኝ ብዬ ልደውል? አንተ ጋ?"

ሰው እያየኝ አለቀስኩ። አላባበለችኝም። ጨርሼ አፍንጫዬን እስክጠርግ ጠበቀችኝና አብረን ገባን።

ይዤህ ነው የምሄደው ብላ ለአባዬ ነገረችው። "ጥፋቱ የኔም ነው" አለ። "ያመኝ ነበር። ውኃው ሳይስተካከል ይቆይልኝ ብዬ ስጸልይ ነበር።" ከዚያ ወደ እኔ ሳያይ፦ "ልጁ ይጠበኝ። ካቃተው እሄዳለሁ።"

ረቡዕ 25

ቤት ገባን። ቀጭኑና ሁለት ጎረቤቶች በወንበር ተሸክመው አወጡት። ደረጃው ላይ "ቀጥ አድርጋችሁ፣ ቧንቧ አይደለሁም" እያለ ሲያዛቸው ነበር፣ ድምፁ ግን ቀጥኗል። ነርሷ መጥታ አሳየችኝ፦ ጨርቁ እንዴት እንደሚነከር፣ ከየት ወደ የት እንደሚጠረግ፣ በሁለት ሰዓት አንዴ እንዴት እንደሚገላበጥ። እሷ ስትሠራ አየሁ። ነገ የእኔ ተራ ነው። እህቴ እስከ ቅዳሜ ትቆያለች።

ሐሙስ 26

አልቻልኩም። ሳፋውን ይዤ ገባሁ፣ ካናቴራውን እስከ ትከሻው ገለጥኩ፣ ጨርቁን ነከርኩ፣ እጄ አየር ላይ ቀረ። እህቴ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ስትገባ ሳፋውን ሰጠኋት። አጥባ ስትጨርስ ጨርቁን ጨምቃ መስኮቱ ላይ ዘረጋችው።

"ቅዳሜ ሁለት ትኬት ነው የምቆርጠው ወይስ አንድ?" አለችኝ።

አባዬ ሰምቷታል። ቀኑን ሙሉ አላናገረኝም፣ ጌታው እንኳ አላለኝም።

ዓርብ 27

ከቢሮ ፈቃድ ወሰድኩ። የዓመት ፈቃዴን አንድም ቀን ሳልነካ ሦስት ዓመት አጠራቅሜዋለሁ፣ አለቃዬ ሲፈርም ገረመው።

እህቴን ገበያ ላክኋት። በሩን ዘጋሁ። ፓምፑን ሳልነካ ሳፋውን ከታችኛው ቤት በሙቅ ውኃ ሞላሁና ይዤ ወጣሁ።

"እሷ የለችም?" አለ አባዬ።

"የለችም። እኔ ነኝ።"

በጎኑ አስተኛሁት፣ ፊቱ ወደ ግድግዳው። ልብሱን አወለቅሁ። በደህናው እጁ አንሶላውን ደረቱ ላይ አጥብቆ ያዘ፣ ጣቶቹ ነጭ እስኪሆኑ። እኔም ዓይኔን ልጨፍን ብዬ ነበር፣ እህቴ እንዳደረገችው። ግን ዓይኔን ጨፍኜ ነው እዚህ ያደረስኩት። ገልጬ ጀመርኩ።

ከአንገቱ ጀመርኩ። ያ ሰፊ ጀርባ የለም፤ አጥንቱ ይቆጠራል፣ በትከሻው ላይ አሮጌ የእሳት ጠባሳ አለ፣ እንዳለበት የማላውቀው። ጠባሳውን አጠብኩት። ጎኑን አጠብኩ። ውኃውን ሁለት ጊዜ ቀየርኩ። ፋሻውን ፈታሁ።

"ጌታው።"

"አቤት።"

"እኔ አላየሁትም። ጀርባዬ ላይ ነው። ምን ይመስላል?"

ሐኪሟም፣ ነርሷም፣ እህቴም አይተውታል፤ ለእሱ ግን ማንም አልነገረውም። ጎንበስ ብዬ አየሁት።

"የመዳፍ ያህል ነው።"

"የማን መዳፍ?"

"የእኔ።"

"ጥልቀቱስ? ግማሽ ኢንች ይሆናል?"

"ግማሽ ኢንች አይሞላም። ዳሩ ቀይ ነው፣ መሐሉ ነጣ ያለ። አንዱ ጥግ ላይ ትንሽ መግል አለ።"

"ሐኪም ቤት ከነበረበት ይሻላል?"

ይሻላል ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። መብራቱን አስጠግቼ እንደገና አየሁት።

"ያው ነው አባዬ። አልተሻለም። አልባሰም ግን።"

በሩ ሥር የእህቴ ጫማ ሲቆም ሰማሁ፣ ከገበያ ተመልሳለች፣ ግን አልገባችም። ጨርቁን አዲስ ውኃ ውስጥ ነከርኩና ጨመቅሁት።

"እሺ" አለ አባዬ፣ አንሶላውንም ለቀቀው።